በብስክሌት መንፊያ የተነፋው ጥሩምባ

አባቴ ራሱ ሳይነፋው ከእጁ የወጣ ጥሩምባ አልነበረም። ሥራው ያገለገሉ የሙዚቃ ዕቃዎችን መጠገን ነው፤ የማርሽ ባንድ ጥሩምባ፣ ትሮምቦን፣ አልፎ አልፎም ሰው የሚያህል ቱባ። የጠገነውን ለባለቤቱ ከማስረከቡ በፊት ከወንበሩ ይነሳል፣ ሱሪውን ሳብ ያደርጋል፣ ከንፈሩን በምላሱ ያረጥባል፣ ከዚያ አንድ ረጅም ድምፅ ይነፋል። ዜማ አይደለም፣ አንድ ድምፅ ብቻ። ባለቤቱ ያን ድምፅ ከሰማ ሌላ ጥያቄ አያነሳም። እኔም ከጓሮ ሆኜ ስሰማው ሥራ መጨረሱን አውቅና እየሮጥኩ እገባለሁ፤ ጉልበቱ ላይ ያወጣኛል። ልብሱ ላምባና የብረት ፍቅፋቂ ይሸታል። ግግሜ ይለኛል፤ አንዴ እምቢ ካልኩ ስለማልመለስ ያወጣልኝ ስም ነው። እስከ ዛሬም አልተመለስኩም፣ ባሌ ይመስክር።

እንግዲህ አንዱን ጥሩምባ በብስክሌት መንፊያ ሲነፋው ባየሁ ጊዜ መፍራቴ በከንቱ አልነበረም።

ጥሩምባውን ያመጣው የማርሽ ባንዱ አለቃ ነው። ሰፈሩ ጋሽ ጢሞ ይለዋል፤ በር ሲገባ ጢሙ ነው የሚቀድመው። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ያገኘውን በጆንያ ጠቅልሎ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ባለቤቱን ነፍሱን ይማረው፣ ልጆቹ ናቸው የሸጡት አለ። ባንዱ ውስጥ አዲስ የገባች ልጅ አለች፣ ለእሷ ነው የምሰጠው፣ እየው እስቲ፣ ጥሩምባ ይሆናል ወይስ ድስት ላሠራበት አለ።

እኔ ብረት ቆንጥጦ በሚይዘው ሞርሳ ሥር ቁጭ ብያለሁ። ጥሩምባው አረንጓዴ ለብሷል። ሰፊው አፉ በቡጢ እንደተመታ ፊት ሰርጉዷል፤ በጣት ከሚጫኑት ሦስት ፒስተኖች አንደኛው ተነክሶ ቀርቷል። አባቴ በአውራ ጣቱ ጎኑን ዳበሰው፤ ሐኪም ሆድ እንደሚዳብሰው ዓይነት፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ከዚያ በሽቦ የታሰረች ትንሽ አምፖል በሰፊው አፉ አስገብቶ መስኮቱን ጋረደ። ክፍሉ ሲጨልም በጥሩምባው ጎን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ብልጭ አለች። አባቴ ጥሩምባውን ባዞረው ቁጥር ብርሃኗ ትዞርና እኔን ታየኛለች። ዓይን ናት። ውስጥ ሰው አለ፣ ያ ነፍሱን ይማረው የተባለው ሰውዬ፣ አልኩ በልቤ።

ሰውዬውን ኋላ ላይ አጣርቻለሁ። ሽማግሌ ነበር፣ ጣራ ሊጠግን መሰላል ላይ ወጥቶ ወደቀ፣ አበቃ። ቀዳዳዋም ናሱን ዝገት ስለበላው ነው። ግን ይህን የሚነግረኝ ያኔ ማን ነበረ?

በዚያው ሰሞን ቤታችን ተለዋወጠ። የአባቴ ኩባያ ከእኛ ኩባያዎች ተለይቶ ለብቻው ምስማር ላይ ተሰቀለ። ማንኪያውን እናቴ በትንሽ ድስት ለብቻ ትቀቅለዋለች። እሱ ራሱ ፍራሹን ጠቅልሎ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ማደር ጀመረ፤ ለምን ስላት፣ ሥራ በዝቶበት ነው አለችኝ እናቴ። መሀረብ ከእጁ አይለይም። እንደ ልማዴ ሮጬ ስገባ መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ ክንዱን ዘርግቶ እዚያው ሁኚ ይለኛል። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ በክንዱ ሥር ሾልኬ ልገባ ስል ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ሸሸ። አባቴ ከእኔ ሸሸ። እኔ በዚያን ጊዜ ከወገቡ አልበልጥም።

ታዲያ ይህ ሁሉ የመጣው ከጥሩምባው ጋር ነው። ልጅ ሌላ ምን ያስባል?

በሩ ሥር ተደብቄ ሥራውን እከታተል ነበር። ጥሩምባውን ፈታትቶ ኮምጣጤ ባለበት ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈው። በሽቦ ብሩሽ ቱቦውን ሲጎረጉረው ጥቁር ዝልግልግ ነገር እየተንጠባጠበ ወጣ፣ ሽታው እስከ በሩ ይደርሳል። ሰርጉዱን ሊያወጣ፣ ኩሽኔታ ውስጥ የሚገኙትን የብረት ኳሶች በሰፊው አፍ በኩል አስገብቶ በዘንግ ይገፋቸዋል፤ ሲንከባለሉ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ድምፅ ይሰጣሉ። የቱቦውን አንድ ጫፍ በጣቱ ደፍኖ ሌላውን መዘዝ ሲያደርገው፣ ጤነኛ ዕቃ ቢሆን ጠርሙስ እንደተከፈተ ጷ ማለት አለበት። ይህኛው ዝም። አባቴ ራሱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ለረጅም ጊዜ ሳለ።

ያ ጥቁር ነገር የዓመታት ቅባትና የሰው ምራቅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሳሉን ግን ልብ አላልኩትም። አባቴ ሁልጊዜ ይስል ነበር፤ የኮምጣጤና የላምባ ሥራ ነው፣ ያስላል።

ከዚያ የብስክሌት መንፊያው መጣ። አባቴ ቀዳዳ ሲፈልግ ሰፊውን አፍ በጎማና በጨርቅ ይወትፈዋል፣ ጥሩምባውን ሳፋው ውስጥ ያሰምጠዋል፣ ከዚያ በቀጭን ጎማ በአፉ ይነፋበታል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳ ነው። የዚያን ቀን ግን ጎማውን ከአፉ ሳይሆን ከመንፊያው ጋር ገጠመው። ሽቅብ ቁልቁል ያደርገዋል፣ በየመሀሉ እያረፈ፤ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል። ከውኃው ሥር አረፋ እየተከታተለ መውጣት ጀመረ። ትር፣ ትር፣ ትር። ውኃ ውስጥ የሰጠመ ሰው እየተነፈሰ ነው። ጥሩምባ ሁሉ የሚነፋው አባቴ ይህን አፉን አላስነካውም። ገባኝ፤ እሱም ፈርቶታል።

ወደ ወጥ ቤት ሮጬ ገባሁ። እናቴና የአባቴ ታላቅ እህት ሽንኩርት እየላጡ ያወራሉ። አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አታውቅም፤ ስታንሾካሹክ ጎረቤት ይሰማል። ሰው የሰማ ቀን ምን ይውጣችኋል፣ ከእሱ እጅ የወጣ ዕቃ ማን አፉ ላይ ያደርጋል ትላለች። እናቴ ደግሞ፣ ሂድ ብዬ ለምኜው ይህቺን ጥሩምባ ሳልጨርስ አልሄድም አለኝ ትላለች። ያው ደም ነው፣ ዓይቻለሁ አለች ቀጥላ። እኔን ሲያዩ ሁለቱም ሽንኩርቱ ላይ አቀረቀሩ። አክስቴ ዓይኗን እየጠራረገች፣ አባትሽ ጋ እንዳትጠጊ፣ ሰማሽ፣ አለችኝ። ለምን አልኳት። ለምን ብላ ትጠይቀኛለች እንዴ፣ ምን ዓይነት ደረቅ ልጅ ነው የወለድሽው አለች ለእናቴ።

አሁን ልንገራችሁ፣ እኔ ዘግይቼ ስለሰማሁት እናንተም መዘግየት የለባችሁም። ጥሩምባው አንድም ነገር የለበትም። የታመመው አባቴ ነው፣ የሳንባ ነቀርሳ። ጥሩምባው ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ክሊኒክ ሄዶ ተነግሮታል፤ ሆስፒታል ግባ፣ እስክትገባ ድረስ ዕቃህን ለይ፣ ልጅ አታቅፍ ተብሏል። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ፈራ፤ አፍ የሚነካ ዕቃ የሚጠግን ሰው ሳንባውን ታሟል ከተባለ፣ ድኖ ቢመለስ እንኳ ደጁን የሚረግጥ የለም። ስለዚህ ዝም ብሎ ይህን አንድ ሥራ አስረክቦ፣ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ሊሄድ ነበር ሐሳቡ። የብስክሌት መንፊያው ለዚያች ለማያውቃት ልጅ ብሎ ነው። የራሱን ትንፋሽ የሰው ልጅ አፍ በሚነካው ቱቦ ውስጥ ላለመተው።

ይህን እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ጥሩምባው ውስጥ ሰው እንዳለና አባቴን እየወሰደው እንደሆነ ነው። ከስቷል። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱን አይነካውም። ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ሲስል ስሰማ፣ ሰውዬው እየታገለው ነው እያልኩ ብርድ ልብሱን እነክሳለሁ።

ጋሽ ጢሞ ሊወስደው የመጣ ዕለት ቀዳዳዋ ተበይዳ፣ ሰርጉዱ ወጥቶ፣ ጥሩምባው የመስኮቱን ብርሃን እስኪመልስ አብረቅርቋል። አባቴ ጺሙን ተላጭቷል። እኔ ከበሩ ሥር ነኝ፣ እናቴ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ጋሽ ጢሞ ጥሩምባውን አገላብጦ አየው፣ ፒስተኖቹን ተራ በተራ ጫን ጫን አደረጋቸው፣ ደስ አለው። መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና እጁን አጣምሮ ቆመ። ድምፁን እየጠበቀ ነው።

አባቴ፣ አንተው ንፋው፣ የሚነፋበትን አፉን ቀቅዬዋለሁ፣ ንጹሕ ነው አለው።

ጋሽ ጢሞ ሳቀ። ምነው፣ ከንፈርህን ሚስትህ ነከሰችህ እንዴ አለው። አባቴ አልሳቀም። ዛሬ አልችልም፣ ጉንፋን ይዞኛል አለ። እንግዲያው ሲሻልህ እመጣለሁ ሲለው፣ አይ፣ ዛሬ ውሰደው አለ አባቴ፣ ፈጠን ብሎ። ይሄኔ ጋሽ ጢሞ ሳቁን ተወው።

"ይህን ሁሉ ዓመት ሳትነፋ የሰጠኸኝ ዕቃ የለም" አለው። "አሁን ለሰው ልጅ የምሰጠው ነው ብዬህ እምቢ ትለኛለህ። ምን ብታደርገው ነው?"

አባቴ እውነቱን ቢናገር ስሙ ይጠፋል፣ ዝም ቢል ሥራው ይጠፋል። ያን ጊዜ ፊቱን አይቼዋለሁ፤ ጥግ የያዘ ሰው ፊት ነው። ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ሱሪውን ሳብ አደረገ። ከንፈሩን አረጠበ። ጥሩምባውን አነሳና ነፋ።

ድምፁ ወጣ። ጥርት ያለ፣ ያማረ። ከዚያ መሀሉ ላይ እንደ ክር ተበጠሰ። አባቴ ጥሩምባውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ፣ በአንድ እጁ ሞርሳውን ጨብጦ፣ በሌላው መሀረቡን አፉ ላይ ይዞ እጥፍ አለ። ሳሉ አላባራ አለ። መሀረቡን ሲያነሳው ቀይ ነው። ጋሽ ጢሞ እስከ በሩ አፈገፈገ፣ እኔን ረግጦኝ እንኳ አላወቀም።

ወሰደው። ሰውዬው አባቴን በአፉ በኩል ስቦ ወሰደው። እኔ ያየሁት ይህንን ነው።

የተሳበ ነገር ተመልሶ ይሳባል ብዬ አሰብኩ። ማንም ሳያየኝ ጠረጴዛው ሥር ገባሁና ብድግ ብዬ ጥሩምባውን አነሳሁት። ከባድ ነበር፣ ደረቴ ላይ አስደገፍኩት። የሚነፋበት አፉ ገና ይሞቃል፣ እርጥብ ነው፣ ኮምጣጤና ብረት ይላል። አልነፋሁትም። አፌን ገጥሜ በኃይል ሳብኩ፤ የአባቴን ትንፋሽ መልሼ ላመጣ፣ ደረቴ እስኪሞላ ሳብኩ፣ ጎኔን እስኪወጋኝ ሳብኩ።

አባቴ ዞሮ አየኝ።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው አፍ ሲወጣ ያኔ ሰምቼ፣ ዳግመኛም አልሰማሁ። በእጁ ጀርባ ጥሩምባውን ከአፌ ላይ መታው። ጥርሴ ከንፈሬን ቀደደው። ጥሩምባው በርሮ ሞርሳው ላይ አረፈ፤ ያ ሁሉ ቀን የለፋበት ሰፊ አፉ እንደ ወረቀት ታጠፈ። አባቴ ዞር ብሎም አላየው። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው፣ ዘረጋ፣ ሰበሰበው። ሊያነሳኝ አልቻለም።

"እናቷ!" ብሎ ተጣራ። "አፏን! ቶሎ አፏን እጠቢያት!"

እናቴ ከጓሮ ሮጣ መጣች። በሳሙና አጠበችኝ፣ በጨው አጉመጠመጠችኝ፣ ጣቷን ጉሮሮዬ ውስጥ ከተተች። ነከስኳት። ትፊ ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ አልተፋም። እንዴት ልትፋው? አባቴ እኮ ነው ውስጤ ያለው። አፌን ገጥሜ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ዋጥኩት።

አንድ ጊዜ መሳብ ብዙም ጉዳት እንደማያደርስ፣ ይልቅ ከዚያ ሁሉ ቀን ቀደም ብሎ ጉልበቱ ላይ መቀመጤ እንደሚያሰጋ ሐኪሞቹ በኋላ ለእናቴ ነግረዋታል። ለአባቴ ግን ማንም ቢነግረው አልገባውም። እሱ ያየው ልጁ ደሙን ስትጠጣ ነው።

ጋሽ ጢሞ በሩ ላይ እንደቆመ በክንዱ አፉን ሸፍኗል። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀው፤ "ቆየብህ?"

"ቆየ" አለ አባቴ።

"ለእኔም አትነግረኝም?"

"ብነግርህ ጥሩምባውን ታመጣልኝ ነበር?"

ጋሽ ጢሞ መሬት መሬት አየ። የታጠፈውን ጥሩምባ አንስቶ በጆንያው ጠቀለለው፣ ከዚያ ና ውጣ፣ እኔ አደርስሃለሁ አለው። አባቴ ኮቱን ለበሰ። በአጠገቤ ሲያልፍ ትንፋሹን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ አለፈ። መኪናው ሲነሳ ሰማሁ። በእኔ ምክንያት ጥሩምባው ስለተሰበረ ሊያሳስረው ወሰደው ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፍርሃት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በሽታው እንደያዘኝ ወይም እንዳልያዘኝ ወዲያው አይታወቅም ተብሎ ሳምንታት መጠበቅ ነበረብን። እናቴ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ትለጥፋለች። አነጠስኩ ማለት ቤቱ ጸጥ አለ ማለት ነው። አክስቴ እንኳ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ተማረች። እኔም የራሴ ፍርሃት ነበረኝ። አባቴን ልመልስ ስስብ ያን ሰውዬም አብሬ ስቤዋለሁ። ደረቴ ውስጥ ነው። ስሮጥ ልቤ ከመታ እሱ ነው የሚያንኳኳው። እንዳይወጣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የማወራው፤ ስተኛ አፌን በእጄ እይዛለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ግግም ነኛ።

በመጨረሻ እናቴ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ነርሷ ክንዴን በቀጭን መርፌ ወጋችኝና አታኪው፣ ተመልሰሽ ስትመጪ አየዋለሁ አለችኝ። ካበጠ ገብቶብኛል ማለት ነው። እስክንመለስ ድረስ እናቴ ክንዴን በጨርቅ ጠቅልላ፣ እየፈታች እያየች፣ እየጠቀለለች ከረመች። በተመለስን ቀን ነርሷ ብርሃን ይሻላል ብላ ወደ ግቢው አወጣችን። ሰፊ ግቢ ነው። ከማዶ ረጅም የሽቦ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሰዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። እስር ቤት ነው አልኩ። ከመሀላቸው አንዱ ተነስቶ ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። አባቴ ነው። ያየው የነበረው ፊቴን አይደለም፣ ክንዴን ነው።

ነርሷ የተወጋሁበትን በጣቷ ዳበሰችው፣ ወደ ፀሐይ አዞረችው፣ ደግማ ዳበሰችው። እናቴ እጄን ጨብጣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ጊዜው አላልፍ ሲል እኔ አልቻልኩም። አሁን ያገኙታል፣ አሁን ሰውዬውን ያገኙታል አልኩና ያን ሁሉ ሳምንት የያዝኩትን ድምፅ ለቀቅኩት።

"እኔ ጋ ነው!" ብዬ ጮህኩ ወደ ሽቦው። "ሰውዬው እኔ ውስጥ ነው! አባዬን ልቀቁት!"

ነርሷ ግራ ገብቷት እናቴን አየቻት። ከዚያ ቀና ብላ እጇን አፏ ላይ ከብባ ወደ ማዶ ተጣራች፤ ምንም የለባትም፣ ልጅቷ ነጻ ናት፣ ምንም የለባትም። እናቴ እዚያው አፈሩ ላይ ዘፍ አለች። እኔ አባቴን ነው የማየው። እጁን ያወዛውዛል፣ ስሜን ይጠራል፣ ግግሜ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ሽቦውን ለቀቀ። ጀርባውን ሰጠኝ። ትከሻው ጎብጦ፣ እየተደገፈ ወደ ውስጥ ገባ። አንዴም ዞሮ አላየኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፍኩት። መድኃኒቱን ጨርሶ፣ ድኖ፣ ወፍሮ ቤት ሲመለስ ጉልበቱ ላይ አልወጣሁም። እሱም ነይ አላለኝም። ሲጠራኝ እመጣለሁ፣ ሲልከኝ እላካለሁ፣ ከዚያ አላልፍም። ሁለታችንም በዚህ ለመድነው፤ ዓመታት ሄዱ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ጋሽ ጢሞ ጥሩምባ ማምጣቱን አላቆመም፤ ሌላው ሰው ግን ቀርቷል፣ አባቴም የውኃ ቧንቧና የምድጃ ጥገና ይዞ ነበር።

አንድ ቀን ትንሹ ልጄ ጉንፋን ይዞት ደረቴ ላይ እየሳለ ተኝቶ ሳለ አባቴ ቤቴ መጣ፣ ቧንቧዬ ተበላሽቶ። ከቧንቧው ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታየኛል። ፊቱን ስላላየሁት ይሆናል የደፈርኩት። ያኔ በግቢው ውስጥ፣ ነጻ ናት ሲሉህ፣ ለምን ጀርባህን ሰጠኸኝ አልኩት።

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። የረሳ መስሎኝ ነበር።

"ሳል መጣብኝ" አለ ከሥር ሆኖ። "አንቺ ፊት ልስል ኖሯል?"

"አባዬ፣ ግቢው እኮ ያን ያህል ሰፊ ነው" አልኩት። "እኔ ጋ አይደርስም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለኝ።